አላሙራ ላይ ያነከስኩ ቀን

ሞኝነቴን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጉዳይ ሲኖረኝ አንደኛው ፎቅ ላይ ቆሜ «እዚህ ደሞ ማን ነው የሚሠራው?» እያልኩ ትንፋሼን የምሰበስብ ሰውዬ፣ በሃምሳ ምናምን ዓመቴ ተራራ ልወጣ ተነሳሁ። ያውም አዲስ ጫማ ገዝቼ። ጫማውን አስሬ ስጨርስ ደክሞኝ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ባለቤቴ አየችኝና «ተራራውን ተወው፣ ማሰሩ ይበቃሃል» አለችኝ። ይሄ ግን ትንሹ ሞኝነቴ ነው። ትልቁ፣ ያሳቅኩትን ሰው ሁሉ ያዳንኩት ይመስለኝ የነበረው ነው።

ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። በሰፈራችን እድር ውስጥ ደሞ ማንም ያልሾመኝ ሹመት ነበረኝ። ሀዘን ቤት ሦስተኛው ቀን ላይ ለቅሶው በረድ ሲል «ተስፋዬን ጥሩት» ይባላል። እሄዳለሁ፣ ሀዘንተኞቹ ፍራሽ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሠርጌ ቀን ሱሪዬ ምኑ ላይ እንደተቀደደ አወራለሁ። ባሏን የቀበረች ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ሳይ፣ መድኃኒት ያዘዝኩ ይመስለኛል። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴ «አንተ እኮ ሬሳ ታስቃለህ» ይሉኛል። ሙገሳ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ጎረቤቴ ማቴዎስ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ አስተማሪ ነው። የሲዳማ ልጅ ነው፣ ይርጋለም ተወልዶ ያደገ። እኔ አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ ሀዋሳ የወለደኝ ነኝ። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ረቡዕ ረቡዕ ጾሜን ጠብቆ ፊቴ ጥብስ ያዛል። እንዲህ ነው ወዳጅነታችን። ግን ይሄ ሳቂታ ሰው ከታላቅ ወንድሙ ከጳውሎስ ጋር ስድስት ዓመት አይነጋገርም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማቴዎስ ለፈተና እርማት አዲስ አበባ ሄዶ ሳለ ይርጋለም ያሉት እናታቸው አረፉ። ጳውሎስ ስልክ ደውሎ «እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ሥራህን ስትጨርስ ብቅ በል» አለው። እንደኛ አገር ወግ ማለት ነው፤ ሞት በስልክ አይነገርም፣ ሰው መንገድ ላይ ብቻውን እንዳይደነግጥ። ማቴዎስም አመነ። ሥራውን ጨርሶ፣ ለታማሚ ብርቱካን ገዝቶ ሲደርስ በሩ ላይ ድንኳን ተጥሏል፣ እናቱም ከተቀበሩ አድረዋል። ብርቱካኑን ድንኳኑ ፊት በትኖ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የወንድሙን ድምፅ ሊሰማ አልፈለገም። የጳውሎስን ብቻ አይደለም፣ የልጁን የብሩክንም ስልክ ዘጋ።

ቂሙ ቀስ እያለ ደሙ ውስጥ ገባ። ግፊት ያዘው፣ እንቅልፍ አጣ። ሐኪሙ በእግርህ ሂድ አለው። ቤተክርስቲያኑ ውስጥ የሚያማክረው ሽማግሌ ደሞ አንድ ቀን ስልክህን ትተህ ተራራ ውጣ፣ ጸልይ፣ የከበደህን እዚያ ጥለህ ና ብሎ መከረው። የታቦር ተራራ ቅርብ ነበር፤ ግን ተማሪዎቼ ያገኙኛል ብሎ አላሙራን መረጠ። ብቻውን እንዳይሄድ ሚስቱ አልማዝ እኔን ለመነችኝ። ቅዳሜ ተቀጠርን።

ያን ቅዳሜ ማቴዎስ ለማለዳ ጸሎት እንደወጣ አልማዝ ቤቴ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ብሩክ ከይርጋለም ሆስፒታል ደውሎላት «አባባ በጣም ታሟል፣ አጎቴ ዛሬውኑ ይምጣ» ብሏታል። ይህን ብላኝ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ባለቤቴ ወዲያው ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እኔም «ነፍስ ይማር» አልኩ።

ልብ በሉ፤ ማንም ሞተ አላለንም። ታሟል ነው የተባልነው። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ከእናንተ መሃል «ዘመድህ ሞቷልና ና» ተብሎ የተደወለለት ማን አለ? እኛ ጋ ያረፈ ሰው ሁሉ በስልክ ታሞ ነው የሚቆየው። መርዶ ሲያስነግሩም ሲነገራቸውም የኖሩት ጋሽ ደምሴ ተጠርተው መጡ፣ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብሩክ ጋ አንዴ ደወሉ፤ አላነሳም።

«ምን ሊያነሳ» አሉ። «አባቱን እየገነዘ።»

እንደገና መደወል ነውር ነው። ሀዘን ቤት ደውሎ «በእርግጥ ሞቷል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል? ስለዚህ ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዳቸው ሥራውን አከፋፈሉ። የማቴዎስና የጳውሎስ እህት ማርታ ከአርባ ምንጭ ትነሳ፤ ማታ ትደርሳለች። መርዶው ነገ ንጋት ላይ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ውሃ ተዘጋጅቶ። ቀብሩም ነገ ነው የሚሆነው፣ አብረን በሚኒባስ እንሄዳለን። እስከዚያ ማቴዎስ ግፊት ያለበት ሰው ነውና ምንም እንዳይሰማ።

ወደኔ ዞሩ። «ያሰባችሁት መንገድ እግዜር ያዘጋጀው ነው። ይዘኸው ውጣ። እያሳቅክ አቆየው። ሳይመሽ እንዳትመልሰው።»

«ጋሽ ደምሴ፣ በእኔ ይሁንብዎ» አልኩ። እንደተሾመ ሰው።

ማቴዎስ ከጸሎት ሲመለስ አልማዝ ጉንፋን ይዞኛል ብላ ተሸፋፍና ተኝታለች። ስልኩን ራስጌዋ ላይ አስቀምጦላት መጣ። ባጃጅ ይዘን አላሙራ ሥር ወረድን። ባለ ባጃጁ ሆዴን አይቶ ከላይ የሚጎትት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ከላይ የለም፣ ከታች የሚገፋ ነው የሚፈለገው አልኩት። ማቴዎስ ሳቀ። ሥራዬን ጀመርኩ ማለት ነው።

አወጣጡን አልነግራችሁም፣ ያዋርደኛል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እየሮጡ ያልፉናል፤ እኔ ባዶ እጄን ባሕር ዛፍ አቅፌ ቆሜያለሁ። አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ ቆም ብላ፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሆድ እላይ ካደረስከው በኋላ ማን ያወርደዋል?» አለችኝ። ማቴዎስ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሳቀ ቁጥር ግን ፊቴን አዞራለሁ፤ ይሄ ሰው ወንድሙ ሞቶ ነው የሚስቀው፣ እኔ ነኝ የማስቀው እያልኩ።

ጫፍ ስንደርስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ማቴዎስ ራቅ ብሎ አንድ ዛፍ ሥር ተንበረከከ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከተማችንን አየሁ፤ ሐይቁን፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩን ጣሪያዎች። ይሄኔ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። አልማዝ ናት። ዘመድ መድረስ ጀመረ ልትለኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወይ ታለቅሳለች፣ ለቅሶዋም ከስልኩ ይወጣል። ተውኩት። ደገመች። ሠለሰች። ማቴዎስ ቀና ብሎ ያየኝ ስለመሰለኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስልኩን አጠፋሁት።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ይችን የጣት ሥራ እስከ ዛሬ ጣቴ አልረሳትም።

ጸሎቱን ጨርሶ መጣ። ዳቦና አቮካዶ ይዘን ነበር፤ ቆራርሼ ሰጠሁት፣ አልበላም። ዓይኑ እርጥብ ነው፣ ፊቱ ግን ስድስት ዓመት ያላየሁት ፊት ነው። የግንባሩ መስመር የት እንደሄደ እንጃ።

«ተስፍሽ፣ ያን ብርቱካን ነግሬሃለሁ አይደል?» አለኝ።

«በትኜው ሄድኩ ያልከኝን?»

«እሱን። ስበትነው ጳውሎስ ምን እንዳደረገ ግን ነግሬህ አላውቅም። ጎንበስ ብሎ ለቀመው። እናቱን በቀበረ ማግስት፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ እያየው፣ ከሰው እግር ሥር አንድ በአንድ። ያኔም አይቼዋለሁ እኮ። ገና ዛሬ ነው የታየኝ።»

የምለው ቀልድ ፈለግኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣሁ።

«ፈርቶልኝ ነው» አለ። «ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን እያለቀስኩ እንዳልመጣ ብሎ። ክፉ ነው እያልኩ ስድስት ዓመት ኖርኩ፤ ሰውዬው ግን ፈሪ ነው። ፈሪን ሰው ይቀየማል?»

ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ስልክህን ስጠኝ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ስልኬን አወጣሁ። ጨለማውን መስታወት አሳየሁት። «ባትሪ ጨርሷል።»

ስቆ፣ ያንተ ነገር አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ይርጋለም አቅጣጫ ዞረና፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ በሲዳምኛ ተጣራ። ሀዋሳ ተወልጄ ባድግም ሲዳምኛዬ ከገበያ አያልፍም። ያ ግን ገባኝ። ወንድሙን ነው የጠራው፤ እመጣለሁ፣ ጠብቀኝ ነው ያለው። ከታች እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች መልስ ሰጡና ተሳሳቁ።

«በል እንውረድ» አለኝ። «ከዚሁ መናኸሪያ እገባለሁ። የይርጋለም ሚኒባስ ይዤ፣ ሳይመሽ ደጁ ላይ ነኝ። ዓሣ ይወዳል፣ ዓሣ ይዤለት እሄዳለሁ።»

ቀድሞኝ ቁልቁል ጀመረ። በዚያ አረማመድ ገና በጊዜ እንደርሳለን። ከዚያ ብቻውን ሚኒባስ ውስጥ ይገባል፤ ዓሣ ይዞ ድንኳን ፊት ይደርሳል። ብርቱካኑ በዓሣ ተለወጠ ማለት ነው። ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ግን እዚህ ገደል ላይ፣ ግፊት ላለበት ሰው፣ እኔና እሱ ብቻችንን? ቢወድቅብኝስ? ጋሽ ደምሴ ምን ይሉኛል? አፌን ዘጋሁ። እግሬን አጠፍኩና ቁጭ አልኩ።

«ወይኔ እግሬን!»

ሕይወቴን ሙሉ ስቀልድ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ተወንኩ። ማቴዎስ ሮጦ ተመለሰ። አዲሱን ጫማዬን ፈታ፣ ካልሲዬን አወለቀ፣ ቁርጭምጭሚቴን ጭኑ ላይ አድርጎ አሸው። «አላበጠም፣ አይዞህ» አለኝ። ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፣ ከዚያ ተመልሶ እግሬን ማሸት ቀጠለ። አንዴም ቶሎ በል አላለኝም።

ደገፈኝ። ክንዴን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ይሄን ሁሉ ኩንታል እየጎተተ፣ ያን ተራራ አወረደኝ። ባረፍን ቁጥር እኔ አቃስታለሁ፤ ቀልዱን ተረክቦኝ እሱ ነው የሚቀልደው። አንተን ከማወርድ ተራራውን ሰፈርህ ባመጣው ይቀለኝ ነበር አለኝ። ያቺ እንጨት ተሸካሚ ትንቢት ነው የተናገረችው አለኝ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። እንደዚያ የመረረ ሳቅ ግን ስቄ አላውቅም። የትኛው እግሬ እንደሆነ አንድ ቦታ ላይ ጠፍቶብኝ በሌላው አነከስኩ። እሱ አላየም፤ ከፊት ለፊታችን ያለውን ድንጋይ በእግሩ እየገፋልኝ ነበር።

ሥር ስንደርስ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ዘቅዝቃለች። ማቴዎስ አሁንም መናኸሪያ ሊሄድ ፈለገ፤ መጀመሪያ ግን አንተን ቤትህ ላድርስ አለ። ባጃጁ ውስጥ እግሬን አንስቶ ጉልበቱ ላይ ሲያደርግልኝ፣ መንገዱን ሙሉ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ሰፈር ስንታጠፍ ጋሽ ደምሴ የማቴዎስ በር ላይ ቆመዋል። ሰው ተሰብስቧል። መርዶው ነገ ንጋት ላይ አይደለም እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። አልማዝ ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ፣ በባዶ እግሯ ወደ ባጃጁ ሮጣ መጣች። ከአፏ ነገር እንዳይወጣ ዝም ላሰኛት ዘልዬ ወርጄ ተቀበልኳት።

ወደ ማቴዎስ ሳይሆን ወደ እኔ ነው የጮኸችው። «ስልክህን ለምን ዘጋኸው? ለምን? በሕይወት ነበር እኮ!»

«ማን?» አለ ማቴዎስ ከባጃጁ ውስጥ።

«በሕይወት ነበር! ሲጠራው ነው የዋለው። ብሩክ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞለት፣ ‹አሁን ይደውላል አባባ፣ አሁን ይደውላል› እያለው... አሁን ነው ያረፈው። አሁን፣ እናንተ ስትወርዱ።»

ብሩክ ጠዋት ያላነሳው፣ ሐኪሞቹ አባቱ አጠገብ ስልክ አይገባም ስላሉት ነው። እኩለ ቀን ላይ ሲፈቅዱለት ወደ አልማዝ ደወለ፤ አባባ ነቅቷል፣ አጎቴን አገናኙኝ አላት። እሷም ወደ እኔ ደወለች። ከዚያ ሰው ላከች፤ የተላከው ታቦር ወጥቶ ፈለገን፣ እኛ ለማንም የትኛው ተራራ እንደሆነ አልነገርንም ነበርና። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። ታሟል ተባልን፤ ታሞ ነበር። ዛሬውኑ ይምጣ ተባልን፤ ዛሬውኑ መምጣት ነበረበት። ያውም ይርጋለም አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው።

ማቴዎስ ከባጃጁ ወረደ። አልጮኸም፣ አልወደቀም። ጋሽ ደምሴ ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉ፤ አልፏቸው ወደ እኔ መጣ። ፊቴን ሳይሆን ወደታች ነው ያየው። ሁለቱም እግሬ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«እግርህ» አለኝ።

ዞሮ ወደ ግቢው ገባ።

በማግስቱ ይርጋለም ቀበርነው። ከኋላ ቆሜ ነበር። ጋሽ ደምሴ አጠገቤ መጥተው፣ እንደ ልጅ እያለቀሱ፣ «ሰው እንዳይደነግጥ ብለን እኮ ነው» አሉኝ። ያን ትልቅ ሰው ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው። ጳውሎስም ያኔ ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ ነው። በሦስተኛው ቀን ሀዘን ቤቱ ውስጥ አንዱ በልማድ «ተስፋዬን ጥሩት» አለ። ድንኳኑ በር ድረስ ሄድኩ። ማቴዎስን ፍራሹ ላይ አየሁትና ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ለዚያ ሹመት ማንም አልጠራኝም፤ ቢጠሩኝም አልሄድም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ ምክር መቀበል ለቧንቧ ካልሆነ አይመከርም። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ታሟል ተብሎ ሲደወልላችሁ፣ ታሟል ማለት ነው ብላችሁ ሂዱ። ነውር ነው ሳትሉ መልሳችሁ ደውሉ። እኔ ለልጆቼ ነግሬያለሁ፤ ስታመም ታሟል በሉ፣ ስሞት ሞቷል በሉ፣ በእኔ ጉዳይ ሰው ይደንግጥ። መደንገጥ ያልፋል። ተራራ ላይ የዳነን ሰው ሥር ሲደርስ መልሶ ማቁሰል ግን አያልፍም። ያቆሰልኩት ደሞ በክፋት አይደለም፤ በደግነት፣ በሽማግሌ ምክር፣ እያሳቅሁ ነው። የሚመርረኝ እሱ ነው።

ማቴዎስ ክረምቱን ሙሉ አላናገረኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ከዚያ አንድ ቀን ሱቄ መጣ። የግቢያቸው ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀምሯል፣ ጎማ ፈልጎ ነው። አውጥቼ ሰጠሁት። አፌ ላይ አንድ ቀልድ መጣ፤ ዋጥኩት።

«ማቴ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

ጎማውን እጁ ላይ አገላበጠው፣ ኪሱ ከተተው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ለጳውሎስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለኝ። «አንተ ደሞ ከእሱ የባሰ ነው የሠራኸው፤ ስንት እንደሚፈጅብኝ አላውቅም። እስከዚያ ግን አደራህን፣ እንዳትሞት።»